አንበሳ አውቶቡስ ለምን ይናፍቃል?

አዲስ አበባ ኖረው ሳንጃ የተመለሱ ልጆችን "ከዚያ ምን ናፈቃችሁ?" ስንላቸው አንበሳ አውቶቡስን ይጠሩልናል። መጀመሪያ ሳቅን። ያ ሁሉ ሰልፍና ግፊያ ይናፍቃል እንዴ?

ነገሩ ምቾት አይደለም። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበቤን የሚያመላልሰው አንበሳ ቁጥር አለው፣ ፌርማታ አለው፣ ታሪፉ የታወቀ ነው። ዘነበ፣ መሸ ብሎ ዋጋ አይጨምርም። ይዘገያል፣ አዎ። ሲመጣ ግን የት እንደሚያደርስህ ታውቃለህ፤ መሃል መንገድ ላይ "እዚህ ድረስ ነው፣ ውረዱ" የለም።

እኛስ? ጎንደር ለመሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠን "አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!" እየተባለ አራት ሰው እስኪገባ እንጠብቃለን። (የሳንጃን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል።) ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ደግሞ ታሪፉ በወረቀት ሌላ፣ በረዳቱ አፍ ሌላ እየሆነ መጣ። በሾፌሩ ብቻ አንፈርድም፤ ነዳጅ ከጥቁር ገበያ ገዝቶ በታሪፍ ጫን ቢባል ይከስራል። አንበሳ በርካሽ የሚጭነው የከተማው አስተዳደር ስለሚደጉመው ነው።

ሳንጃ አውቶቡስ ባይኖራትም ይሁን። ሞላም አልሞላም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሳ አንድ መኪና ግን፣ ሪፈር ወረቀት ይዞ ጎንደር ለሚሄድ በሽተኛ ብዙ ነው።