ካምቢዮው ሳይወርድ

ባለፈው ዕትም ስለ ልጆች የቤት ሥራ ለመጻፍ ቃል ገብተን ነበር። ይቅርታችሁን እንለምናለን፤ የቤት ሥራው ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ መኪና ማርሽ ነው። «መምህራንን ደግሞ ከማርሽ ጋር ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩን ስትሰሙ እናንተው ፍረዱ።

እዚህ ሐርጌሳ ያለችው ትንሿ ትምህርት ቤታችን አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ አለቻት። ከጀርመን አገር የተመለሰ የሶማሌላንድ ሰው፣ ጎረቤታችን፣ በበርበራ ወደብ አስገብቷት ግቢው ውስጥ ቆማ ስትከርም «ለልጆቹ ትሁን» ብሎ የሰጠን ናት። ስትመጣ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ትንሽ ምድጃ ነበራት። ፈረንጆቹ ለእረፍት ሲወጡ የሚያድሩባት ዓይነት ናት። እነሱ ቤት እያላቸው ቤት ጭነው ይዞራሉ! እኛ አልጋውን አውጥተን ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ገጠምንላት። ልጆቹ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡ፣ ወላጆች በአዲስ አበባው ታክሲ ስም «ውይይት» አሏት።

ኮምቢ ከ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስትሠራ የኖረች መኪና ናት። የእኛዋ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1979 በጀርመን የተሠራችው ሁለተኛዋ ዓይነት ስትሆን፣ ብራዚል ውስጥ ግን ኮምቢ እስከ 2013 ድረስ ከፋብሪካ ትወጣ ነበር። ዕድሜዋ ከእኛ ከመምህራኑ ይበልጣል ማለት ነው። እንግዲህ ብታነክስ ምን ይደንቃል?

ማነከስ የጀመረችው ከዝናቡ ወራት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ አለ፤ ቀጥሎ የኋላ ማርሽ ጠፋ። የማርሹ እጀታ በሾርባ ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ሹፌሩ በትከሻውም በጸሎቱም እያስገባ ሰነበተ። እኛም «ዛሬን ታድርሰን» እያልን ዝም አልን። ጥፋቱ የእኛ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለውን ደረቅ ወንዝ ተሻግራ ዳገቱን ስትወጣ፣ 11 ልጆች እንደያዘች፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲቀየር አልገባ አለ። ወደ አንደኛ ቢመለስም አልተገኘ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሹፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ፍሬኑም አሮጌ ነውና ቶሎ አልያዘም። አንድ መንገደኛ ሮጦ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ከደብተርና ከምሳ ዕቃ መበተን በቀር የተጎዳ አልነበረም፤ ተመስገን። በማግሥቱ ግን ስድስት እናቶች ልጆቻቸውን በእግር ይዘው መጡ። ትምህርት ቤታቸው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በሳምንቱ ሁለቱ ልጆች ጭራሽ ቀሩ።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ሰውየው ትንሽ ነድቷት ተመለሰና «ካምቢዮው አልቋል፤ ወርዶ ሌላ ይገባል። 450 ዶላር» አለን። ወላጆችን ሰብስበን መዋጮ ጀመርን። በሁለት ሳምንት 210 ዶላር ተገኘ። ሻይ በመሸጥ የምትተዳደር አንዲት እናት የሶማሌላንድ ሽልንጓን በፌስታል ቋጥራ አመጣችና ስትሰጠን አንድ ነገር ጠየቀች።

«ለመሆኑ ጋሼን ጠየቃችኋቸው?»

«የትኛውን ጋሼ?»

«እዚህ መጋዘኑ በር ላይ የሚጠብቁትን ነዋ! አዲስ አበባ የቮልስ መካኒክ ነበሩ እኮ።»

አፈርን። እኚህ አዛውንት ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናችን ስታልፍ እያዩ፣ እኛም በየማለዳው «እንደምን አደሩ» እያልን፣ አንድም ቀን ሙያቸውን አልጠየቅናቸውም። ለእኛ ዘበኛ ብቻ ነበሩ። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች፤ የእኛ 450 ዶላርም ሊሄድ ነበር።

ጋሼ መጡና የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ሆነ፦ «ልጆቼ፣ ካምቢዮ የሚወርደው ሌላው ሁሉ ታይቶ ሲያበቃ ነው። መጀመሪያ ከእጃችሁ እስከ ካምቢዮው ያለውን መንገድ እንየው።»

የኮምቢ ሞተርና ካምቢዮ ያሉት ከኋላ ነው። የማርሹ እጀታ ደግሞ ከፊት ሹፌሩ ጋ ነው። በመካከላቸው በመኪናዋ ሆድ ሥር የሚያልፍ ረጅም ዘንግ አለ። ዘንጉን በቦታው የሚይዙት ቦኮላዎችና ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ በዕድሜ ይበላሉ። ሲበሉ እጅ ያዘዘውን ካምቢዮው በትክክል አይሰማም። ጋሼ ያስተማሩንን ፈተና በተራ እናስፍረው፤ ዘንግ ወይም ኬብል ላለው ለማንኛውም የእጅ ማርሽ መኪና ያገለግላል።

አንደኛ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሾቹን በሙሉ ሞክሩ። ሞተር ጠፍቶ ያለ ችግር እየገቡ፣ ሞተር ሲነሣ ግን የሚንጫጩና እንቢ የሚሉ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ፍሪሲዮን ላይ ነው፤ ሞተሩን ከካምቢዮው በደንብ አላላቀቀም። ሞተር ጠፍቶም ከባድ ከሆነ ወይም ማርሹ የት እንዳለ ከጠፋ ወደ ዘንጉ ሂዱ።

ሁለተኛ፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉን በእጅ ጫን በሉት። በኮምቢ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በነጻ ሄዶ ከዚያ መክበድ አለበት። ከዚህ በላይ ከላላ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም፤ ጭራሽ ነጻ ቦታ ከሌለው ደግሞ ይንሸራተታል፤ ዲስኩም ይቃጠላል። ማስተካከያው ከኋላ ካምቢዮው አጠገብ በካቮው ጫፍ ላይ ያለች ክንፍ ያላት ዳዶ ናት። በጣት ትዞራለች። ካቮው የተፈተለ ሽቦ ስለሆነ ክሩ መበጣጠስ ከጀመረ ግን ማጥበቅ ጊዜ መግዛት ብቻ ነው፤ ይቀየር።

ሦስተኛ፣ ሞተር ጠፍቶ አንድ ሰው እጀታውን ያንቀሳቅስ፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ይይ። እጀታው ተንቀሳቅሶ ዘንጉ ከቆየ፣ ወይም የዘንጉ ፊት ሄዶ ኋላው ከዘገየ፣ ችግሩ እዚያው ነው። የእኛዋ በሽታ የተገኘው እዚህ ላይ ነው! መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ቦኮላ ተሰባብሮ አልቋል፤ ዘንጉን የምትይዘው ብሎንም ላልታለች። ይህች ብሎን በሽቦ መታሰር ይገባታል፤ ሽቦው አልነበረም።

አራተኛ፣ የካምቢዮ ዘይት። በጎን በኩል ያለው ቡሽ ተፈትቶ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር መድረስ አለበት። የእኛዋ ጎድሎባታል። ዓይነቱንም ጠይቃችሁ ግዙ፦ ለእንዲህ ያለው አሮጌ ካምቢዮ ጂኤል-4 የሚባለው ነው። ጂኤል-5 የሚለው ቁጥሩ ስለበለጠ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ቅመም የናስ ክፍሎችን ሊጎዳ ይችላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ደህና ከሆነና አሁንም አንድ ማርሽ ብቻ ለይቶ የሚንጫጫ ከሆነ፣ የዚያ ማርሽ ሲንክሮ ተበልቷል ማለት ነው። ሲንክሮ የማርሽ ጥርሶች ከመገናኘታቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያመሳስል የናስ ቀለበት ነው። እሱ እንግዲህ ካምቢዮውን ያስወርዳል።

ውድ አንባብያን፣ ቦኮላው ሐርጌሳ ገበያ ላይ አልተገኘም። እዚህ መንገዱን የሞሉት የጃፓን መኪኖች ናቸው፤ የቮልስ ዕቃ ከየት ይመጣል? ጋሼ የተሰባበረውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቶርኖ ቤት ወሰዱን። የቶርኖው ባለቤት ጋሼ «ፍሪሲዮን» ሲሉ እሱ «ክላች» ይላል። የእኛ የጋራዥ ቋንቋ ከጣልያን የመጣ ነው፤ የእነሱ አገር ደግሞ እስከ 1960 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ሥር ነበረች። ጋራዥ ሥራ የምትፈልጉ ወጣቶች ሁለቱንም ስም ያዙ።

ሰውየው ቦኮላውን አገላብጦ አየና በተሰባበረ አማርኛ «ከየት ናችሁ?» አለ። ነገርነው። እሱም ሲነግረን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ እናቱ አዝላው ወደ ኢትዮጵያ እንደሸሸች፣ ያደገውም በጅጅጋ አቅራቢያ በሐርትሼክ ካምፕ እንደሆነ አጫወተን። ሐርትሼክ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የስደተኛ ካምፕ የነበረ ሲሆን የተዘጋው በ2004 ነው። ከአንድ ጠንካራ ናይሎን ቁራጭ አዲስ ቦኮላ ቀረጸልን። የዕቃውን 3 ዶላር በዛድ ተቀበለ፤ የእጁን ዋጋ ግን እንቢ አለ። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር «ሶማሌ ተራ» መባሉን ስንነግረው ሳቀ።

መገጣጠሙ ግማሽ ቀን ፈጀ። ዘንጉ ግሪስ ተቀባ፣ ብሎኗ ጠብቃ በሽቦ ታሰረች። የእጀታውን መቀመጫ ከመፍታታችን በፊት አንዱ መምህር ቦታውን በጠመኔ አሰመረ። ጋሼ ሳቁ። «መምህር፣ ጠመኔው በግሪሱ ይጠፋል፤ በምስማር ጫረው።» መቀመጫው በጥቂቱ እንኳ ከተንሸራተተ አንደኛው ወይም የኋላው ማርሽ ይጠፋልና ምልክቱ ግዴታ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እናክል። ማንም ሰው በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር አይግባ። ክሪክ ይከዳል። ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ፤ ከሥር ጠንካራ ማቆሚያ አድርጉ፤ ልጆችን አርቁ። ጡብና ብሎኬት ማቆሚያ አይደሉም፤ ይፈረካከሳሉ።

ለሹፌሮችም አለን። እግራችሁን ፍሪሲዮን ላይ፣ እጃችሁን የማርሽ እጀታ ላይ አሳርፋችሁ አትንዱ፤ ሁለቱም ሳይታወቅ ውስጡን ይበላል። መኪናዋ ፈጽማ ሳትቆም የኋላ ማርሽ አታስገቡ።

ታዲያ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ዳነች? አልዳነችም። የሁለተኛ ማርሿ ሲንክሮ በእርግጥ ተበልቷል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወርድ ሹፌራችን ፍሪሲዮን ረግጦ ፎሌ ያደርጋል፣ ይለቅና ትንሽ ነዳጅ ይሰጣል፣ እንደገና ረግጦ ያስገባል። አንድ ቀን ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ግን ዳገቱን ትወጣለች፤ የቀሩት ሁለት ልጆችም ተመልሰዋል።

ስለ ገንዘቡ የሂሳብ ሪፖርት እናቅርብ፦ ከ210 ዶላር ለቦኮላው 3፣ ለዘይትና ግሪስ 22፣ ለጋሼ 40 ወጣ። ጋሼ «ከልጆች ትምህርት ቤት አልወስድም» ብለው ነበር፤ ሙያ ነውና አጥብቀን ሰጠናቸው። የቀረውን 145 ዶላር እንመልስ ብለን ወላጆችን ሰበሰብን። ሻይ ሻጯ እናት ተነሥታ «በዚያ ጠዋት ልጆቻችንን ያቆመው ድንጋይ እንጂ ፍሬን አልነበረም» አለች። ሁሉም ተስማማ፤ ለአራቱም ጎማ የፍሬን ሸራ ተገዛ፤ የእጅ ፍሬኑም ተስተካከለ።

ጋሼ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለስድስት ወንዶችና ለሁለት ሴቶች ተማሪዎቻችን በዚያችው መኪና ሥር ትምህርት ይሰጣሉ። ዕቃ ለመያዝ የደረሰ ልጅ ካላችሁ ላኩልን፤ ክፍያ የለውም።

እናንተም በያላችሁበት አንድ ነገር እንድትሠሩ አደራ እንላለን። አንድ ደብተር ግዙና በሰፈራችሁ ወይም በካምፓችሁ ያለውን ሰው «ቀድሞ ምን ትሠራ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ፈቃደኛ የሆነውን ብቻ መዝግቡ፤ ስሙ እንዲታወቅ የማይፈልግ ሰው አለና አታስገድዱ። አናጢው፣ ሐኪም ቤት የሠራችው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሒሳብ ያዡ፣ ሁሉም አጠገባችሁ ውኃ ሲቀዱ ወይም በር ሲጠብቁ ይገኛሉ። እኛ ሁለት ዓመት «እንደምን አደሩ» ብለን አልፈናል። እናንተ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ጠይቁ።

የልጆችን የቤት ሥራ ጉዳይ በሚቀጥለው ዕትም ይዘን እንመለሳለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።