የሰላም ማስከበር ወጪ ዕዳ እንጂ ምጽዋት አይደለም

ሰላም የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ይባላል። ይህ አባባል እውነት የሚሆነው ግን የሰላም ዋጋም በጋራ ሲከፈል ብቻ ነው። አንዱ ወገን ልጆቹን ወደ ግንባር እየላከ፣ ሌላው ወገን ገንዘቡን በእጁ ጨብጦ ስንት እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍልና ለስንት ወር እንደሚከፍል የሚወስን ከሆነ፣ የጋራ የተባለው ሰላም ደም በሚሰጡና ትእዛዝ በሚሰጡ መካከል የተደረገ የሥራ ክፍፍል ሆኖ ይቀራል። በአፍሪካ ኅብረት፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና በአውሮፓ ኅብረት መካከል በሶማሊያው የሰላም ማስከበር ተልእኮ ምክንያት ለዓመታት ሲካሄድ የኖረው ውዝግብ መሠረቱ ይኸው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መመልከት ያስፈልጋል። ቻርተሩ በ1937 ዓ.ም. በሳንፍራንሲስኮ ሲፈረም (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) ከመሥራቾቹ መካከል የተገኙት የአፍሪካ አገሮች ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። የተቀረው የአህጉሪቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል በቅኝ ገዥዎች ቀንበር ሥር ነበር። በዚህ ሰነድ 24ኛ አንቀጽ የዓለምን ሰላምና ፀጥታ የመጠበቅ ቀዳሚ ኃላፊነት ለፀጥታው ምክር ቤት ተሰጥቷል። ምዕራፍ ስምንት ደግሞ የአካባቢ ድርጅቶች ለሰላም እንዲሠሩ ከፈቀደ በኋላ፣ በ53ኛው አንቀጽ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ የኃይል እርምጃ እንዳይወስዱ ያግዳቸዋል። ይሁን እንጂ አንድ የአካባቢ ድርጅት በምክር ቤቱ ፈቃድ ሲዘምት ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ቻርተሩ በግልጽ አይናገርም። ሥልጣኑ በግልጽ ተጽፏል፤ ዕዳው ግን ሳይጻፍ ቀርቷል። የውዝግቡ ምንጭ ይህ ክፍተት ነው።

የሶማሊያው ተልእኮ ታሪክ ይህንን ክፍተት ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ጥር 11 ቀን 1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና የፀጥታ ምክር ቤት ጦር ወደ ሶማሊያ እንዲላክ ወሰነ። የካቲት 13 ቀን 1999 ዓ.ም. ደግሞ የፀጥታው ምክር ቤት በ1744ኛው ውሳኔው ፈቃዱን ሰጠ። የተሰጠው ፈቃድ የስድስት ወር ነበር፤ የታሰበውም ተልእኮው ከዚያ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ጦር እንዲተካ ነበር። ስድስቱ ወራት አሥራ አምስት ዓመታት ሆኑ። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ግን አልመጣም። በመጀመሪያ የዩጋንዳ፣ ቀጥሎ የቡሩንዲ፣ ከዚያም የጂቡቲ፣ የኬንያና የሌሎችም ወታደሮች ተሰለፉ። በጥር 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በይፋ ተቀላቀለ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. በምክር ቤቱ የተፈቀደው የጦሩ ብዛት 22,126 ደርሶ ነበር። የሞቃዲሾን ጎዳናዎች ከአልሸባብ እጅ ያስለቀቁት፣ የሶማሊያ መንግሥት ተቋማት እግር እንዲተክሉ ጊዜ የገዙት እነዚህ የአፍሪካ ገበሬና ሠርቶ አደር ልጆች መሆናቸው የማይታበል ሐቅ ነው።

የዚህ ጦር ወጪ ከሁለት ኪስ ሲከፈል ኖሯል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የስንቅ፣ የነዳጅ፣ የሕክምናና የመጓጓዣው ወጪ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባላት በድልድል ከሚከፍሉት የግዴታ መዋጮ ይሸፈን ጀመር። የወታደሩ አበል ግን በዋነኛነት ከአውሮፓ ኅብረት በፈቃድ በሚሰጥ ገንዘብ ላይ ተንጠለጠለ። በግዴታ የሚከፈለውን ማንም በዘፈቀደ አያቋርጠውም። በፈቃድ የሚሰጠው ግን ሰጪው ፊቱን ባዞረ ቀን ይቆማል። ወታደሩ የሚበላው ዳቦ በሕግ ሲጠበቅ፣ ለቤተሰቡ የሚልከው አበል ግን በለጋሾች ስሜት ላይ ተጣለ ማለት ነው።

ውጤቱም በተግባር ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት ለአንድ ወታደር በወር 1,028 ዶላር ሲከፍል ቆይቶ ከጥር 2008 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያውን በ20 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ሰሞን፣ ጥር 6 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ አልሸባብ በኤል አዴ የነበረውን የኬንያ ጦር ሠፈር ወርሮ ብዙ ሕይወት አጠፋ። ብራስልስ ላይ ሒሳብ ሲቀነስ፣ ኤል አዴ ላይ ሕይወት ይቀነስ ነበር። በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከቡሩንዲ መንግሥት ጋር በተጣላ ጊዜ ገንዘቡ በመንግሥቱ በኩል አያልፍም በማለቱ፣ በጠቡ ውስጥ እጁ የሌለበት የቡሩንዲ ወታደር ለወራት አበሉን ሳያገኝ ዘብ ቆመ። ቡሩንዲም ጦሬን አስወጣለሁ ብላ እስከ መዛት ደረሰች።

ልዩነቱን ይበልጥ የሚያጎላው ንጽጽር ከራሳችን አገር ይገኛል። በ2003 ዓ.ም. የፀጥታው ምክር ቤት በአብዬ የሰላም ጥበቃ ኃይል ሲያቋቁም የኃይሉ ዋልታ የኢትዮጵያ ጦር ነበር። ያ ጦር የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ ቆብ በመድፋቱ፣ ድርጅቱ ለአባላት ጦር በሚከፍለው ወጥ ተመን ታሰበ፤ ይህም ተመን ከሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ወታደር በወር 1,428 ዶላር ሆነ። ከአንድ ሠራዊት የወጣው፣ በአንድ ማሠልጠኛ ያለፈው ሌላው ኢትዮጵያዊ ወታደር ግን ሶማሊያ ውስጥ የአፍሪካ ኅብረትን አረንጓዴ ቆብ በመድፋቱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ታሰበለት። የሥራው አደገኝነት ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ታዲያ የአንድ ሰው ሕይወት ዋጋ በቆቡ ቀለም ይተመናልን?

አፍሪካ በዚህ ችግር ስትፈተን የመጀመሪያዋ አይደለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1974 ዓ.ም. ወደ ቻድ ጦር በላከ ጊዜ ሸክሙን የተሸከሙት የናይጄሪያ፣ የሴኔጋልና የዛየር ወታደሮች ነበሩ። ድርጅቱ ገንዘብ አልነበረውም፤ ከውጭ የተጠበቀውም ርዳታ በበቂ አልመጣም። የሒሴን ሐብሬ ታጣቂዎች በዚያው ዓመት ንጃሜናን ሲይዙ የአፍሪካ ጦር ማስቆም ሳይችል ቀረ፤ ወዲያውም አገሩን ለቆ ወጣ። ያ ዘመቻ ያስተማረን ትምህርት አንድ ነው፤ ስንቅና ደመወዝ የሌለው ቁርጠኝነት ተመልካች እንጂ ሰላም አስከባሪ አይሆንም።

ይሁንና ጉዳዩን የገንዘብ ብቻ አድርጎ መመልከት ከግማሹ እውነት ላይ መቆም ነው። ገንዘብ የሌለው ወገን ቃሉም አይሰማም። በ2003 ዓ.ም. የሊቢያ ቀውስ ሲፈነዳ የአፍሪካ ኅብረት የሰላም መፍትሔ መንገድ ቀይሶ አምስት የአገር መሪዎችን ሰየመ። ሳምንት ሳይሞላ፣ መጋቢት 8 ቀን፣ የፀጥታው ምክር ቤት 1973ኛውን ውሳኔ አሳለፈ፤ የምዕራባውያን አውሮፕላኖችም ቦምብ መጣል ጀመሩ። የአፍሪካ መሪዎች ኮሚቴ ወደ ሊቢያ ለመብረር የጠየቀው ፈቃድ ተነፈገ፤ ትሪፖሊ የደረሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። የኢምፔሪያሊዝም እብሪት ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ነገር ግን ሐቁ በሙሉ ይነገር ከተባለ፣ በምክር ቤቱ ወንበር የነበራቸው ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ጋቦን ለዚያ ውሳኔ የድጋፍ እጃቸውን ማንሳታቸውም መረሳት የለበትም። የሊቢያ መፍረስ ያፈሰሰው የጦር መሣሪያና የታጣቂ ጎርፍ ሳህልን ሲያጥለቀልቅ ዋጋውን የከፈሉት ያልተሰሙት ሕዝቦች ናቸው።

ከብዙ ዓመታት ትግል በኋላ ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. የፀጥታው ምክር ቤት 2719ኛውን ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ውሳኔው የአፍሪካ ኅብረት የሚመራቸው የሰላም ዘመቻዎች፣ ጉዳያቸው በየተራ እየታየ፣ እስከ 75 በመቶ የሚደርሰውን ወጪያቸውን ከተባበሩት መንግሥታት የግዴታ መዋጮ እንዲያገኙ በር ከፈተ። በአዲስ አበባም ደስታ ሆነ። በሩ ግን ተከፍቶ ሳለ የሚገባበት አልተገኘም። በሶማሊያ አዲሱ ተልእኮ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዲጀምር ከአምስት ቀን በፊት በ2767ኛው ውሳኔ ሲፈቀድ፣ አሥራ አራት አባላት ሲደግፉ አሜሪካ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፤ የአዲሱ የገንዘብ ሥርዓት መሞከሪያ ሶማሊያ ልትሆን አይገባም የሚል አቋም ያዘች። የገንዘቡ ጉዳይ እስከ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. እልባት እንዲያገኝ ታስቦ ነበር፤ ቀኑ ያለ ውሳኔ አለፈ። ጦሩ ተሰለፈ፤ ደመወዙ በቀጠሮ ቀረ።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። አሜሪካ ከግዴታው መዋጮ ከሩብ በላይ የተመደበባት በመሆኗ ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ መጠየቅ መብቷ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በሁለት አሠርት ያህል ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ዘመቻው ማብቂያ አጣ ቢል፣ አባባሉ ከሐቅ የራቀ አይደለም። የሲቪሎች ደኅንነትና የሒሳብ ቁጥጥር ይጠበቅ ማለትም ተገቢ ነው፤ ይህንኑ 2719ኛው ውሳኔ ራሱ ደንግጎታል። ነገር ግን ከእነዚህ እውነቶች የሚወጣው መደምደሚያ ቁጥጥሩ ይጥበቅ የሚል እንጂ ገንዘቡ ይቅር የሚል ሊሆን አይችልም። የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ የንግድ መስመር እንዲጠበቅ የሚሹት እነማን ናቸው? በእርግጥም የሶማሊያ ፀጥታ የሚጠቅመው ለሶማሊያ ጎረቤቶች ብቻ አይደለም። የፀጥታው ምክር ቤት ቀዳሚው ኃላፊነት የእኔ ነው እስካለና ፈቃድ ሰጪው እርሱ እስከሆነ ድረስ፣ በስሙ የሚዘምተውን ጦር መቀለብ ልግስና ሳይሆን ግዴታው ነው። በምክር ቤቱ የሶማሊያን የውሳኔ ረቂቆች የማርቀቅ ብዕር በብሪታንያ፣ ያውም የሰሜን ሶማሊያ ቅኝ ገዥ በነበረችው አገር እጅ ቆይቶ፣ ከአሥራ አምስቱ ወንበሮች አፍሪካ ሦስት ተለዋጭ ወንበሮች ብቻ ይዛ ኖራ፣ የዕዳው ክፍፍል ብቻ እኩል ይሁን ማለት ግን ፍትሕ አይደለም።

ሌላውን የምንወቅሰውን ያህል ራሳችንን መመርመርም አብዮታዊ ጨዋነት ነው። አበው የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ከሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ 0.2 በመቶ እየተቆረጠ ኅብረቱ በራሱ እግር እንዲቆም፣ ከሰላም ዘመቻዎችም ወጪ 25 በመቶውን አፍሪካ ራሷ እንድትሸፍን ወሰኑ። የሰላም ፈንዱም 400 ሚሊዮን ዶላር እንዲደርስ ግብ ተጣለ። ቀረጡን በሥራ ላይ ያዋሉት ግን ከፊሎቹ መንግሥታት ብቻ ሆኑ፤ ፈንዱም ወደ ግቡ የቀረበው ከታሰበው ጊዜ እጅግ ዘግይቶ ነው። ከዚህም ሌላ ለአንድ ወታደር ከሚመጣው አበል ላይ መንግሥታት የሚቆርጡት መኖሩ፣ የወደቁት ወታደሮች ቁጥር ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ በይፋ ሳይገለጽ መቆየቱ በማንም ባዕድ ሊሳበብ የማይችል የራሳችን ጉድለት ነው። ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. በቡሎ ማሬር በተፈጸመው ጥቃት 54 ወታደሮች መሞታቸውን የዩጋንዳው ፕሬዚዳንት በግልጽ መናገራቸው ለሌሎችም አርአያ ሊሆን ይገባው ነበር። ልጁን ለአህጉሩ የሰጠ ወላጅ ቢያንስ እውነቱን ማወቅ ይገባዋል።

እንግዲህ መንገዱ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የአፍሪካ መንግሥታት ድርሻቸው የሆነውን ሩቡን ወጪ ሳይውል ሳያድር ይክፈሉ፤ ሩቡን የከፈለ ወገን ሦስት አራተኛውን አንገቱን ቀና አድርጎ ይጠይቃልና። ሁለተኛ፣ በፀጥታው ምክር ቤት የአፍሪካ ሦስቱ ተወካዮች የየአገራቸውን ጥቅም ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ የተወሰነውን የጋራ አቋም በአንድ ድምፅ ይናገሩ፤ የሊቢያው ስህተት አይደገም። ሦስተኛ፣ የወታደሩ አበል ከፖለቲካ ጠብ ተነጥሎ፣ ሳይሸራረፍ በቀጥታ በእጁ የሚደርስበት ሥርዓት ይዘርጋ። አራተኛ፣ ምክር ቤቱ አንድን ዘመቻ ሲፈቅድ በዚያው ስብሰባ የወጪውን ምንጭም ይወስን፤ ፈቃዱና በጀቱ አይነጣጠሉ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንድነታቸውን ያበሰሩት አባቶች አፍሪካ የራሷን ችግር በራሷ ልጆች ትፈታለች ብለው ነበር። ልጆቿ ቃሉን በሞቃዲሾ፣ በኪስማዮና በባይደዋ በደማቸው አድሰውታል። የሚቀረው የወታደሩ ሳይሆን የመንግሥታቱና የዓለም ድርጅቶች ተራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል ሕዝባችን፤ ድሩ የሚያብረው ግን እያንዳንዱ ክር የየድርሻውን ክብደት ሲሸከም ብቻ ነው። በአንድ ክር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሰላም ያ ክር በተበጠሰ ዕለት ይወድቃል፤ በመጀመሪያ የሚወድቀውም በምሽጉ ዘብ የቆመው ወታደር ነው።