ራያ ላይ ፍጥነት ሞልቷል፤ የጠፋው ሜዳው ነው!

ወገን፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የመስመር አጥቂ ሀብቱ ፍጥነቱ ነው። በረኛ 38 ዓመት ሞልቶትም ይቆማል። አማካይ እግሩ ቢዝል በጭንቅላቱ ይጫወታል። የመስመር አጥቂ ግን ተከላካዩን በሩጫ ማለፍ ያቃተው ቀን አለቀለት። ከ17 እስከ 28፣ ቢበዛ እስከ 30፣ በቃ። ስለዚህ ለመስመር አጥቂ «ትንሽ ጠብቅ» ማለት «ተወው» ማለት ነው። የኛ አገር ባለሥልጣን ደግሞ ከ«ትንሽ ጠብቁ» ሌላ ቃል አያውቅም።

ማስረጃ ካስፈለገ ሱራፌል ዳኛቸው አለላችሁ። ከአዳማ ከተማ ወደ ፋሲል ከነማ መጣ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯር ገና ጨዋታው ሳይሟሟቅ ቀድማ አገባች። አቻ ያደረገን ሱራፌል ነው። ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረና 2 ለ 1 አሸነፍን። ያን ቀን ያልጮኸ ማን አለ? በ2013 ዓ.ም ደግሞ ዐፄዎቹ በታሪካቸው የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሱ ልጁ እዚያው ነበር። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ፈጣን፣ ለብሔራዊ ቡድን የሚያገባ የመስመር አጥቂ! ሌላ አገር ቢሆን በዚያ ክረምት የሚፈልገው ክለብ በር ላይ ይሰለፍ ነበር።

እኛ ጋ ምን ተከተለ? ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም «ደረጃውን አያሟላም» ብሎ ዘጋው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም ከደቡብ አፍሪካ ጋር እዚያ ተጫወትን። ወር ከምናምን ቆይቶ፣ ኅዳር 2 ቀን፣ የጋናን ጨዋታ «በሜዳችን» ያደረግነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 የረታነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ በ1954 ዓ.ም ዋንጫውን ያነሳች አገር፣ እንግዳ የምትቀበልበት ሜዳ አጥታ በሰው አገር ስትንከራተት! ሱራፌልም በመጨረሻ ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ ሁለተኛ እርከን ሊግ ለላውደን ዩናይትድ ተጫዋች ሆነ። በርታ ወንድማችን፣ እንኳን ሄድክ። ጥያቄዬ ለሱ አይደለም። ጥያቄዬ፣ የተሻለው ልጃችን መጨረሻው ይህ ከሆነ፣ ጎብዬ ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጠው ልጅ መጨረሻው ምንድነው የሚል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ወልድያ ላይ ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ቆሟል። ሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ አስገንብተውት ጥር 2009 ዓ.ም ተመረቀ። ያኔ ወልድያ በፕሪሚየር ሊጉ ነበረ። የቆቦም የጎብዬም የመርሳም ልጅ ጠዋት መኪና ይዞ ወርዶ ጨዋታ አይቶ ማታ ቤቱ ይገባ ነበር። በ2010 ዓ.ም ቡድኑ ወረደ። ስታዲየሙ ቀረ፣ ሊጉ ሄደ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ሲካሄድ ሐዋሳ አዘጋጀች፣ አዳማ አዘጋጀች፣ ድሬዳዋ አዘጋጀች፣ ባሕር ዳርም አዘጋጀች። ወልድያስ? ጦርነት ነበር ትሉኛላችሁ። አዎ ነበር፤ ከኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ግን መሣሪያው ዝም ባለባቸው ወራት እንኳ «ይህ ስታዲየም ለምን ይጠቀልላል?» ብሎ የጠየቀ አንድ ቢሮ ስጡኝ።

ጦርነቱን ካነሳን አይቀር በልጅ ዕድሜ እንቁጠረው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ራያ ቆቦን ሲያጥለቀልቅ 12 ዓመቱ የነበረ ልጅ ጳጉሜ 4ን አይቷል፤ ቆቦ ላይ ምን እንደተፈጸመ ለዚህ ገጽ አንባቢ አልነግርም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም ጎብዬ ራሷ ግንባር ሆነች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ ያለውን ደግሞ ሁላችንም እየኖርነው ነው። ያ ልጅ በ2018 ዓ.ም 17 ይሞላዋል። ማንኛውም የእግር ኳስ አሰልጣኝ ጠይቁ፤ ተጫዋች የሚሠራው ከ12 እስከ 17 ባለው ጊዜ ነው። እሱን ነው የተዘረፍነው። የፈረሰ ቤት ይሠራል። የተቃጠለ ማሽላ በሚቀጥለው ክረምት ይዘራል። የ14 ዓመት እግር ግን ተመልሶ አይመጣም።

ዕድሜው ለምን ወሳኝ እንደሆነ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በፊፋ ሕግ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር አገር በገንዘብ ሲሸጥ፣ ከሂሳቡ 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። እናስላው። ከ12 እስከ 17 ዓመቱ በአንድ የጎብዬ ክለብ ተመዝግቦ ያደገ ልጅ በ200,000 ዶላር ቢሸጥ፣ 2 በመቶው የጎብዬ ነው። 4,000 ዶላር! ስንት ኳስ፣ ስንት ታኬታ፣ ስንት መረብ ነው? ግን ክለቡ ሕጋዊ ምዝገባ ከሌለው፣ የልጁ ስም በፌዴሬሽን መዝገብ ላይ ከሌለ፣ ዜሮ። ልጁን ያሳደገው መንደር ዜሮ፣ በ18 ዓመቱ የወሰደው ክለብ ሁሉን። ድህነት ብቻ አይደለም የገደለን፣ አለመመዝገብም ነው።

«ወገን እያለቀ አንተ ስለ ኳስ ታወራለህ?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሴን ስሙ። የራያን ፈጣን ልጅ የሚፈልገው እኛ ብቻ አይደለንም። ደላላውም ይፈልገዋል። ያ ተከላካይ የሚያልፍበት ፍጥነት ዛሬ በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ ጀልባ ተሳፍሮ፣ የመንን በእግሩ አልፎ ሳውዲ ድንበር ላይ ከጥይት ለመሮጥ እየዋለ ነው። ልጆቻችን ሁልጊዜም ይሮጣሉ፤ የሚለያየው ወዴት ነው የሚለው ብቻ ነው። ሜዳ ካልሰጠነው በረሃው ይሰጠዋል። ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥን እኛ ይህን ካልገባን ማን ይገባዋል?

«ተሰጥኦ የለም» የሚለውንማ ተዉት። ሳዲዮ ማኔ የመስመር አጥቂ ነው፤ የተወለደው ባምባሊ በምትባል የሴኔጋል ገጠር ነው። ባምባሊ ከጎብዬ የበለጠ ምን ነበራት? ልዩነቱ ዳካር ላይ ጄኔራሲዮን ፉት የሚባል፣ ከፈረንሳዩ ሜትዝ ጋር ውል ያለው የታዳጊዎች ማሠልጠኛ መኖሩ ነው። ማኔ በዚያ በር ወጣ። ኢስማኢላ ሳር በዚያው በር ተከተለው። ካሜሩን ላይ በተካሄደው የ2014 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫ እኛ በ1 ነጥብ ከምድባችን ስንሰናበት፣ ሴኔጋልን ሻምፒዮን ያደረገችውን የመጨረሻ ፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ማኔ ነው። ባምባሊም ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በሱ ገንዘብ አገኘች። አንድ በር፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ሆስፒታል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ልጅ ታዋቂ ሲሆን «የኛ ልጅ ነው» ብለን ፎቶ ለመለጠፍ አንደኛ ነን። ልጁ 13 ዓመቱ እያለ አንድ ኳስ ለመግዛት ግን የለንም። ሌሊቱን ሙሉ ስለ አርሰናልና ማንቼ ስንሰዳደብ አድረን፣ የሰፈራችን ኳስ ሜዳ ተሸንሽኖ ለቦታ ሲሰጥ ዝም እንላለን። ብሔርተኝነት መፈክር ብቻ ከሆነ ለማንም አይጠቅም። ልጅህን ማሳደግ ነው ብሔርተኝነት።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦

1. የጎብዬ፣ የሮቢት፣ የቆቦና የሌሎቹም ከተሞች ኳስ ሜዳዎች ካርታ ይውጣላቸው። ካርታ የሌለው ሜዳ ነገ የአንድ ሰው ግቢ ነው።

2. በየቀበሌው ያሉ የታዳጊ ፕሮጀክቶች በክለብነት ይመዝገቡ። እያንዳንዱ ልጅ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ክለቡ በመዝገብ ይስፈር። የሴት ልጆች ቡድንም እንዲሁ።

3. የወልድያ ስታዲየም ለታዳጊዎች ውድድር ይከፈት። የፀጥታው ሁኔታ ሲፈቅድም ወልድያ ሊግ ከሚያዘጋጁ ከተሞች አንዷ ትሁን።

4. በከተማ በጀት የሚተዳደሩ ክለቦች ከሕዝብ ገንዘብ ስንት ለታዳጊ እንዳዋሉ በየዓመቱ ለሕዝብ ያሳውቁ።

መንግሥት እስኪሰማ ሁለተኛውን እኛ መጀመር እንችላለን። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ፈቃደኛ አሠልጣኝ ይበቃል። ውጭ ያላችሁ ወንድምና እህቶቻችን፣ የአንድ ሠርግ ዲኮር ወጪ የአንድ ቀበሌ ቡድን የዓመት ወጪ ነው።

በየሰፈራችሁ ያለው ሜዳ ምን ላይ እንዳለ ፎቶ አንስታችሁ ከታች ለጥፉ። ተሸንሽኖ ከሆነም ይለጠፍ። ሼር አድርጉት፤ የሚመለከተው ሰው ዓይን ውስጥ ይግባ።

የመስመር አጥቂ አይጠብቅም። እኛም አንጠብቅም!