የመዝናኛ ቦታ የአለባበስ ደንብ፦ ለእህቶቻችን በር ነው ወይስ ግንብ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በየስልካችን የሚዞረውን ቪዲዮ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዱባይ ላይ፣ የዘንባባ ቅርጽ ካለው ሰው ሠራሽ ደሴት በላይ ወጣቶች ከአውሮፕላን በፓራሹት ይዘልላሉ። ስካይዳይቪንግ ይሉታል። ከዘላዮቹ መካከል የሐበሻ ልጆችም አይጠፉም። ሂጃብ ያደረገች እህት የታየች እንደሆነ ግን ከቪዲዮው ሥር ጦርነት ይነሳል። አንዱ «ሐራም ነው! ሴት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች?» ይላል። ሌላው «የአለባበስ ደንብ፣ የቤተሰብ ደንብ የምትሉት ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው፤ ሰው እንደፈለገ ይልበስ» ይላል። ሁለቱም ተሳድበው ይለያያሉ። አንዳቸውም ግን ዋናውን ጥያቄ አልጠየቁም።

ዋናው ጥያቄ ደንብ ይኑር ወይስ አይኑር አይደለም። ደንብ የሌለው ቦታ የለም። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ደንቡ ምክንያቱ ምንድን ነው? ሁሉንም እኩል ይመለከታል ወይ? ተጽፎ አስቀድሞ ይታወቃል ወይ? እነዚህን ሦስቱን የሚያሟላ ደንብ ለእህቶቻችን በር ነው። አንዱ የጎደለው ደንብ ግን ግንብ ነው።

ከሁርሶ ሆነን ስለ ስካይዳይቪንግ መጻፋችን የሚያስቀው ሰው ሊኖር ይችላል። ሁርሶ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወታደራዊ ማሰልጠኛውን ነው። በአገራችን ፓራሹት ሲባልም ትዝ የሚለን አየር ወለዱ እንጂ መዝናኛ አይደለም። ነገር ግን ከማሰልጠኛ ጎን ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ወታደር «ይህን ልበስ፣ ይህን አጥብቅ» ሲባል «ነፃነቴ ተነካ» አይልም። ምክንያቱን ያውቀዋላ! ቦቲው ለእግሩ፣ የራስ ቁሩ ለጭንቅላቱ ነው። ደንቡም ለአንዱ ምልምል ብቻ ሳይሆን ለጓዱም ነው። ምክንያቱ የሚታወቅና ለሁሉም የሆነ ደንብ ሰውን አያዋርድም።

እስቲ ወደ ዝላዩ እንምጣ። ሰው ለመዝናናት ሲዘል አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላኑ እስከ 13 ሺህ ጫማ፣ ማለትም ወደ 4 ሺህ ሜትር ገደማ ይወጣል። ፓራሹቱ እስኪከፈት ድረስ ዘላዩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይወርዳል። በዚያ ንፋስ ውስጥ የሚውለበለብ ነገር ሁሉ አደጋ ነው። ስለዚህ መነጽር ይደረጋል፣ የተዘጋ ጫማ ይታሰራል፣ በብዙ ማዕከላትም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቱታ ይሰጣል። አስተውሉ! «ዲን ከስፖርት አይሄድም» ለሚለን ሰው መልሱ እዚሁ አለ። ከአራት ሺህ ሜትር የሚዘል ሰው ገላውን ሸፍኖ ነው የሚዘለው።

ሻርፕስ? እዚህ ላይ ሐቁን መሸሽ የለብንም። የተለቀቀ ሻርፕ ገዳይ ነው። ኢሳዶራ ደንካን የተባለችው ታዋቂ አሜሪካዊት ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1927 ኒስ ከተማ ውስጥ የሞተችው የአንገቷ ሻርፕ ክፍት መኪና ጎማ ውስጥ ገብቶ ነው። የእኛም እናቶችና እህቶች ሞተር ላይ ሲወጡ የሻርፓቸውን ጫፍ ሰብስበው የሚይዙት ለዚህ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ «እህቴ፣ ሻርፑን ቀይሪና ከራስ ላይ የሚጣበቀውን የስፖርት ሂጃብ አድርጊ፣ ጫፉን ቱታው ውስጥ አስገቢ፣ ከላይ የራስ ቁር ይደረግበታል» ቢላት ጠላቷ አይደለም። ነፍስ አማና ናት። ይህን ደንብ «በዲኔ መጡብኝ» ብላ የምትጣላ እህት ካለች ተሳስታለች።

ነገር ግን መፍትሔው እያለ «አውልቂው፣ አለበለዚያ ተመለሺ» የሚል ሰው ስለ ደህንነት እያወራ አይደለም። ደህንነትን ሰበብ እያደረገ ነው።

ይህ የእኛ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ ያለው ነው። የዓለም እግር ኳስ ለዓመታት ሂጃብን የከለከለው «አንገት ላይ ጉዳት ያደርሳል» በሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢራን የሴቶች ቡድን ለለንደን ኦሎምፒክ ማጣሪያ አማን ድረስ ሄዶ፣ ሜዳ ከገባ በኋላ በሂጃቡ ምክንያት ሳይጫወት ተመለሰ። በ2012 በሙከራ ተፈቀደ፣ በ2014 ደግሞ በደንብ ጸደቀ። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት መካከል የሰው አንገት ተቀየረ? አልተቀየረም። የተቀየረው የጨርቁ አሠራርና የሰዎቹ ፈቃደኝነት ነው። የቅርጫት ኳሱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም በ2017 ፈቀደ። መፍትሔው ሁልጊዜም በእጅ ነበር። የጠፋው ፈላጊው ነው።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለን። የአዳማ ተወላጇ ሲፋን ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ለኔዘርላንድስ ሮጣ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸነፈች። በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ የወርቅ ሜዳሊያዋን ለመቀበል የወጣችው ሂጃብ አድርጋ ነበር፣ ዓለምም አጨበጨበ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ውድድር ግን ለፈረንሳይ የሚወዳደሩ ሙስሊም እህቶች ሂጃብ ማድረግ ተከልክለው ነበር። አንድ ስታዲየም፣ አንድ ጨርቅ፣ ሁለት ደንብ! ጨርቁ አደገኛ ቢሆን ኖሮ ለሁሉም አደገኛ ይሆን ነበር። ምክንያት የሌለው ደንብ ይህን ይመስላል።

ወደ አገራችን ስንመለስም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በገመድ ላይ መንሸራተቻ አለ። እሱም እንደ ፓራሹቱ በጭንና በወገብ ላይ ማሰሪያ ይታሰርበታል። በዓባያ ብቻ የሄደች ልጅ ትቸገራለች፤ ከሥር ሰፊ ሱሪ ያደረገች ግን አትቸገርም። ይህን አስቀድሞ የሚነግራት አንድ መስመር ጽሑፍ በሩ ላይ ቢኖር ከደጅ አትመለስም። በየከተማው ስንት መዋኛ ነው ሙሉ ገላ የሚሸፍነውን የዋና ልብስ ያደረገችን እህት «አይቻልም» ብሎ የሚመልሰው? ምክንያቱ ሲጠየቅ «ደንብ ነው» ይባላል። የት ተጻፈ? ዝም። ጨርቁ ከሌላው የዋና ልብስ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ውኃውን ምን አደረገው? ዝም።

እንዲህ ያለ ነገር በመዝናኛ ብቻ አይቆምም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ መከልከላቸውን፣ ለብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ የቀሩ እንደነበሩና ጉዳዩ ፍርድ ቤት መድረሱን ሁላችንም ተከታትለናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን በመግለጽ ነፃነት ላይ ገደብ የሚጣለው በሕግ ብቻ መሆኑን፣ ያውም እንደ ሕዝብ ደህንነት፣ ጤናና ትምህርት ላሉ ምክንያቶች መሆኑን አስቀምጧል። የጥበቃ ሠራተኛ ስሜት ከእነዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

እስካሁን ሌላውን ወቀስን። አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንግባ፤ እዚህ ነው ብዙዎቻችሁ የምትቆጡት።

ወንድሜ ሆይ! «ለቤተሰብ የሚመች ቦታ» ሲባል ወዲያው ወደ አእምሮህ የሚመጣው የሴት ልብስ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ አልገባህም። በሱረቱ ኑር ውስጥ ዓይንን መስበር በቅድሚያ የታዘዘው ወንዱ ነው፤ በ30ኛው አንቀጽ። የሴቷ ትዕዛዝ የመጣው ከዚያ በኋላ በ31ኛው ነው። አንተ ከእምብርትህ እስከ ጉልበትህ ያለውን ሳትሸፍን፣ ስልክህን ወደ ሰው ልጅ ደቅነህ፣ እያፏጨህ ስለ እህትህ ሂጃብ መጣበቅ ፈትዋ ትሰጣለህን? ቤተሰብን ከመዝናኛ ቦታ የሚያባርረው የአንዲት ልጅ ሱሪ ሳይሆን ስድቡ፣ ልክፊያው፣ ስካሩና ሳያስፈቅዱ ቀርጾ መልቀቁ ነው።

የስካይዳይቪንግ ዓለምም ከዚህ ነፃ አይደለም። በብዙ አገር ባሉ የዘላዮች ማኅበረሰቦች ውስጥ አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ለጓደኞቹ ቢራ መግዛት አለበት የሚል የቆየ ልማድ አለ። ሕግ ደግሞ በሌላ በኩል ቆሟል፤ በአሜሪካ በአልኮል ተጽዕኖ ሥር ሆኖ በፓራሹት መዝለል የተከለከለ ነው። ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ይፈልጋል የሚባል ማዕከል መጀመሪያ ማስተካከል ያለበት ይህን ነው። ቢራው በለስላሳ ይተካ፤ ልብስ መቀየሪያው በር ይኑረው፤ አፍ ይጠበቅ።

«ደንብ ካበዛን ደንበኛ ይሸሻል» የሚል ነጋዴም ይስማን። ዱባይ ውስጥ ትልልቅ የገበያ ማዕከሎች በር ላይ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ እንዲለበስ፣ በአደባባይ መሳሳም እንደማይፈቀድ የሚያሳስብ ምልክት አለ። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ17 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ወደዚያ ከተማ ገባ። ሰው ከተጻፈ ደንብ አይሸሽም። የሚሸሸው በሩ ላይ ከሚጠብቀው ውርደት ነው።

«ሴት ልጅ ቤቷ ትቀመጥ» ብሎ ነገሩን የሚዘጋውስ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ ላይ ሳሉ ሰሓቦችን ወደፊት እንዲሄዱ አድርገው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ መወዳደራቸው በአቡ ዳውድና በአሕመድ ተዘግቧል። መጀመሪያ እሷ ቀደመቻቸው፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ እሳቸው ቀደሙ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ እሷን ከመሮጥ አላገዷትም። ሁለተኛ፣ ስትሮጥ የሰው ዓይን እንዳይኖር ቦታውን አመቻቹላት። መመሪያችን ይህ ነው፦ ልጅቷን ከማስቀረት ቦታውን ማመቻቸት።

በዝላዩ ላይ ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ለጀማሪ የተለመደው ዝላይ ከአሠልጣኝ ጋር በአንድ ማሰሪያ ተጣብቆ ነው። መሕረም ካልሆነ ወንድ ጋር እንዲህ መታሰር ለሙእሚን ሴት ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ይህን አቅልለን «ስፖርት ነው» ብለን አናልፈውም። ግን በር አይዘጋም። ሴት አሠልጣኝ አለች፤ ማዕከሉ አስቀድሞ የጠየቀችን ደንበኛ በሴት እንድታስተናገድ ማድረግ ይችላል። ለብቻ የሚዘለልበት መንገድም አለ፤ አየር ወለዶች እንደሚያደርጉት ከአውሮፕላኑ ጋር የተያያዘው ገመድ ራሱ ፓራሹቱን ይከፍተዋል። ከታች በሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ ቤት ውስጥ የሚንሳፈፉበት ማዕከልም አለ፤ አቡ ዳቢ ላይ በ2019 የተከፈተው አንዱ ነው። እዚያ ከማንም ጋር መታሰር የለም። የዝላዩን ዝርዝር ብይን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። እኛ የምንለው፣ መንገድ ሳይፈለግ «አይሆንም» ማለት ስንፍና እንጂ ጥንቃቄ አይደለም ነው።

ስለዚህ በየከተማችን የመዝናኛ ቦታ ለሚከፍቱ ሰዎች፣ ሙስሊምም ይሁኑ ክርስቲያን፣ ጥያቄያችን ይህ ነው፦

1ኛ፦ ደንቡ ይጻፍ፣ በሩ ላይና ገጻችሁ ላይ ይለጠፍ። ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ይወቀው።
2ኛ፦ እያንዳንዱ የልብስ ደንብ ምክንያቱ አብሮ ይነገር። ጉዳዩ ደህንነት ከሆነ «ከልክለናል» ከማለት በፊት ምን ዓይነት ሂጃብ እንደሚቻል ይነገር።
3ኛ፦ ለወንድም ለሴትም፣ ለሀብታምም ለድሃም፣ ለውጭ ዜጋም ለአገር ልጅም እኩል ይሁን።
4ኛ፦ ስድብ፣ ልክፊያና ስካር ከልብሱ በላይ በጥብቅ ይታይ።
5ኛ፦ የማንም ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ አይቀረጽ፣ አይለጠፍ።
6ኛ፦ ለሴቶች ሴት አሠልጣኝ፣ በር ያለው ልብስ መቀየሪያ፣ ከተቻለም የተለየ ሰዓት ይኑር።

ከእነዚህ ውስጥ ሙስሊምን ብቻ የሚጠቅመው የቱ ነው? የክርስቲያን ጎረቤታችንም ሴት ልጅ ስትለከፍ ያማታል፤ ምስሏ ያለ ፈቃዷ ሲለቀቅ ታለቅሳለች።

እናንተም ወጣቶች፣ ጉልበታችሁን ከቪዲዮ ሥር አታፍስሱት። እህታችሁ «ደንብ ነው» ተብላ ከበር ስትመለስ አብራችሁ ቁሙና በአደብ «የት ተጻፈ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። በቂ ምክንያት ከተሰጣችሁ ታዘዙ። ካልተሰጣችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ነጋዴ ከንግግር ይልቅ ባዶ ወንበር ይገባዋል። ወንድሞች ሲዋኙና ሲንሸራተቱ እህቶች ዳር ተቀምጠው ጫማና ስልክ የሚጠብቁበት «የቤተሰብ መዝናኛ» የግማሽ ቤተሰብ መዝናኛ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሐያእና ደስታ አንድ ቤት አይኖሩም እየተባለች ያደገች ልጅ አንድ ቀን ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ትገደዳለች። ያን ቀን አንዱን ብትጥል ተጠያቂዎቹ በሩን የዘጉባትም፣ ዝም ብለን ያየነውም ነን።

አላህ ሐያእን ከፍትሕ ጋር ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ