የሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?
ስለ ሃንጋሪ ስደተኞች የመረዳጃ ማኅበር አስተዳደርና ገንዘብ

በስደተኛ ማኅበሮቻችን ውስጥ ሁለት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች ሥር ሰደው ይገኛሉ። አንደኛው፣ መረዳጃ ማኅበር የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ ስለሆነ ታጋይ ሊጨነቅበት አይገባም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የእድር ገንዘብ የሒሳብ እንጂ የፖለቲካ ጉዳይ ስላልሆነ ለሚያውቁት ሰዎች መተው ይበጃል ይላል። የፊተኛው ራሱን አብዮታዊ፣ የኋለኛው ራሱን ተግባራዊ አድርጎ ያቀርባል። በውጤታቸው ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አባሉ ዓይኑን ከሣጥኑ ላይ እንዲያነሣ ያደርጋሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም መታገል ነው። ለማስረጃነት የምናቀርበው ከእኛ በፊት ወደ አሜሪካ የተሰደዱትን የሃንጋሪ ወዛደሮች የመረዳጃ ማኅበር ታሪክ ነው። ታሪኩ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ስላስቆጠረ ዘሩንም ፍሬውንም ለማየት ያስችለናል። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1886 በፔንሲልቫኒያ የድንጋይ ከሰል አውራጃ፣ ሄዝልተን በምትባል ከተማ፣ 13 የሃንጋሪ ማዕድን ቆፋሪዎች የቬርሆቫይን መረዳጃ ማኅበር መሠረቱ። የጊዜው ሕግ ለእነዚህ ሰዎች ምን አዘጋጅቶላቸው እንደነበር መመልከት ያስፈልጋል። ዋሻ ተደርምሶ አንድ ሠራተኛ ቢሞት፣ ጥፋቱ የባልንጀራው ነው ከተባለ ባለኩባንያው አይጠየቅም። ሠራተኛው አደጋውን እያወቀ ሥራውን ተቀብሏል ከተባለም አይጠየቅም። ሟቹ ራሱ ቅንጣት ያህል ቸልተኝነት ታይቶበታል ከተባለም ባለኩባንያው ነጻ ነው። ፔንሲልቫኒያ የሠራተኛ ጉዳት ካሣ ሕግ ያወጣችው በ1915 ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በ1916 ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከተመሠረተ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የከሰል ባለሀብቱ ለሞት የሚከፍለው ዋጋ ከኢምንት የሚቆጠር ነበር። በዲሴምበር 1907 ብቻ በዌስት ቨርጂኒያ በሞኖንጋ ማዕድን 362፣ በፔንሲልቫኒያ በዳር ማዕድን 239 ሠራተኞች አለቁ። በዳር ከሞቱት ብዙዎቹ ሃንጋሪዎች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሬሳ የሚያስቀብረውና ለባልቴቲቱ የሚደርሰው ከጓደኞቹ ኪስ የተጠራቀመው ሳንቲም ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። ሣጥኑ የወዛደሩ ክብር ነው። በዚያው ልክ ሣጥኑ ለባለሀብቱ የተሰጠ ስውር ድጎማ ነው፤ ትርፉን ኩባንያው ሲወስድ ቀብሩን ሠራተኛው ይሸፍናልና። አብዮታዊ ነኝ ባዩ ወገን ሁለተኛውን ብቻ አይቶ «መረዳጃ ትግልን ያደነዝዛል» ይላል። በሴፕቴምበር 10 ቀን 1897 በዚያው በሄዝልተን አጠገብ፣ ላቲመር በምትባል መንደር፣ ያለመሣሪያ በሰልፍ የሚጓዙ ስደተኛ ማዕድን ቆፋሪዎች ላይ ሸሪፍ ጄምስ ማርቲንና ጭፍሮቹ ተኩሰው 19 ሰዎች ገደሉ። ገዳዮቹ በማግስቱ ዓመት በፍርድ ቤት ነጻ ወጡ። የወደቁት ፖላንዶች፣ ስሎቫኮችና ሊቱዌኒያውያን ነበሩ፤ በአሜሪካኖቹ አፍ ግን ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ ሠራተኛ ሁሉ «ሀንኪ» ተብሎ በአንድ ስድብ ይጠራ ነበር። እነዚህ ሕዝቦችም እንደ ሃንጋሪዎቹ የየራሳቸው መረዳጃ ማኅበራት ነበሯቸው። ሳንቲም ማዋጣት ሰልፍ ከመውጣት አላገዳቸውም። ስብሰባ መምራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ገንዘብ ያዥ መምረጥና መቆጣጠር የለመደ ሕዝብ ከማንኛውም ሌላ ሕዝብ ይልቅ ለትግል የቀረበ ነው።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንለፍ። በ1868 በዚያችው ፔንሲልቫኒያ፣ በሚድቪል ከተማ፣ ጆን ጆርዳን አፕቸርች የተባለ የባቡር መካኒክ ያቋቋመው ማኅበር አንድ አባል ሲሞት እያንዳንዱ አባል አንድ ዶላር የሚያዋጣበትን ሥርዓት አስለመደ። በዘመኑ ብዙ ማኅበራት ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። ሽማግሌውም ወጣቱም እኩል ይከፍላል፤ እኩልነቱ ልብን ይማርካል። ሒሳቡ ግን ልብ አያውቅም። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሺህ ወጣት አባላት ባሉት ማኅበር በዓመት 8 ሰው ቢሞት የአንዱ አባል መዋጮ 8 ዶላር ነው። ከ25 ዓመት በኋላ አባላቱ አርጅተው በዓመት 20 ቢሞቱ መዋጮው 20 ዶላር ይሆናል። በዚህን ጊዜ ወጣቱ ወጥቶ አዲስ ማኅበር ያቋቁማል። የቀሩት ይበልጥ ያረጃሉ፤ መዋጮው ይበልጥ ይንራል፤ ሌሎችን ሲያስቀብር የኖረው ሽማግሌ የራሱ ተራ ሲደርስ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ማንም ሳይሰርቅ ሣጥኑ ተሰረቀ ማለት ነው። «ፍቅር ካለን ደንብ አያስፈልገንም» የሚሉ ወገኖች ይህን ሒሳብ ደግመው ደጋግመው ቢያሰሉት መልካም ነው።

መፍትሔው አባሉ ወጣት ሳለ ከወቅቱ ሞት ዋጋ ጥቂት አስበልጦ እየከፈለ ለእርጅናው መጠባበቂያ ማስቀመጥ ነው። የአሜሪካ መረዳጃ ማኅበራት በ1886 ያቋቋሙት ብሔራዊ ኮንግረስ በ1898 የሞት ሠንጠረዥ አዘጋጀ። በ1910 በሞቢል፣ በ1912 ደግሞ በኒው ዮርክ ከመንግሥት የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ጋር የተረቀቁት ሕጎች መዋጮው በዕድሜ እንዲመጠንና መጠባበቂያው በየጊዜው እንዲመረመር የሚያስገድዱ ነበሩ። እርምጃው በሒሳብ ረገድ ትክክል ነበር። ነገር ግን በሒሳብ ትክክል የሆነ እርምጃ ሁሉ በአስተዳደር ረገድ ያለ መዘዝ አይመጣም። ቀድሞ ገንዘቡ ከአባል ኪስ ወጥቶ በማግስቱ ባልቴቲቱ ቤት ይገባ ነበር፤ የሚሰረቅም የሚያጓጓም ብዙ አልነበረም። መጠባበቂያ ሲከማች ግን ገንዘቡ ቦንድና የቤት መያዣ ብድር ሆነ፤ የሚያስተዳድረው ቢሮ፣ ቢሮውን የሚመራ ባለደመወዝ አስፈለገ። የቬርሆቫይ ዋና መሥሪያ ቤትም ከማዕድን ቆፋሪዎቹ ከተማ ከሄዝልተን ወጥቶ የብረትና የባንክ ከተማ ወደሆነችው ወደ ፒትስበርግ ተዛወረ።

ሣጥኑ ሲርቅ ቁልፉስ የት ሄደ? የአብዛኞቹን የአሜሪካ ስቴቶች ሕግ ያነበበ ሰው መልሱ «በአባሉ እጅ» ይመስለዋል። መረዳጃ ማኅበር ቅርንጫፎች ሊኖሩት ይገባል፤ የበላይ ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ የተመረጡ ተወካዮች በጉባኤው ከድምፁ ከሁለት ሦስተኛ የማያንስ ሊኖራቸው ይገባል፤ በውክልና ወረቀት ድምፅ መስጠት ክልክል ነው። የገቢ ግብር የማይከፍለውም ይህ የቅርንጫፍ ሕይወት አለው ተብሎ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ጉባኤው ቢያንስ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ከተጠራ ይበቃል ይላል። በአራት ዓመት ውስጥ 48 ወራት አሉ። ጉባኤው ለጥቂት ቀናት ይነግሣል፤ በቀረው ጊዜ የሚገዛው ቦርዱ ነው። አጀንዳውን የሚያዘጋጅ፣ ሪፖርቱን የሚጽፍ፣ የማኅበሩን ጋዜጣ የሚያሳትም፣ የተወካዩንም የጉዞ ወጪ የሚከፍል ዋናው መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ተወካዩ የሚደርሰው ምግቡ ከተበላ በኋላ እጅ ለመታጠብ ነው።

የዚህ ሥርዓት ዋናው ቅራኔ ግን በውሉ ውስጥ ይገኛል። ተራ የኢንሹራንስ ኩባንያ ቢከስር ደንበኛው ተጨማሪ ክፈል አይባልም። የመረዳጃ ማኅበር አባል ውል ግን «ክፍት» ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ ወደፊት የሚሻሻለውም ጭምር፣ የውሉ ክፍል ነው። መጠባበቂያው ቢጎድል ቦርዱ ጉድለቱን ለአባላት ሊያከፋፍል ይችላል። መክፈል ያልቻለ አባል ድርሻው ከነወለዱ በምስክር ወረቀቱ ላይ ዕዳ ሆኖ ይጻፍበታል፤ አለዚያም ወራሾቹ የሚያገኙትን ገንዘብ ቀንሶ ይቀበላል። የኩባንያ ደንበኞችን የሚጠብቀው የየስቴቱ የዋስትና ፈንድም በአብዛኛው መረዳጃ ማኅበራትን አያቅፍም። በአጭሩ አባሉ ለኪሳራው ባለቤት ነው፤ ለውሳኔው ግን እንግዳ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን የፈተሉት ሰዎች ቋጠሮውን ሌላ ሰው ከያዘባቸው ግን የሚታሰሩት ራሳቸው ናቸው።

ይህ ቅራኔ ማኅበሩ ሲያድግ ተሸፍኖ ቆየ። በ1907 ብቻ ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ከ338 ሺህ በላይ ሰዎች አሜሪካ ገብተው ነበር፤ ወጣት ክንድ ሲጎርፍ የሣጥኑ ጉድለት አይታይም። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የሃንጋሪን ኮታ በዓመት 473 ሰው ላይ ወሰነው። የአንድ መረዳጃ ማኅበር ዕጣ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በአንድ ቀን ተጻፈ። አባላቱ አረጁ፤ ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ቋንቋ ረሱ። በ1955 ቬርሆቫይ፣ በብሪጅፖርት፣ ኮነቲከት ከሚገኘው ከራኮሲ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ዊልያም ፔን የሚል ስም ያዘ። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ሃንጋሪ ላልሆነም በሩን ከፍቷል። ውሕደቱ የአባላቱን ገንዘብ ከመበተን አድኖ ይሆናል፤ ስለ ስሙ ግን አንድ ነገር ሳይባል መታለፍ የለበትም። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ የተዋሱት በቡዳፔስት ፓርላማ የተቀመጠውንና በጸረ-አይሁድ ቅስቀሳ የታወቀውን የጁላ ቬርሆቫይን ስም ነው። በኋላ የተወሰደው የፔንሲልቫኒያን ግዛት ከእንግሊዝ ንጉሥ የተቀበለው ባለርስት ስም ነው። ከ13ቱ ቆፋሪዎች የአንዱም ስም በበሩ ላይ አልተጻፈም።

«ገንዘብና ፖለቲካ አይገናኙም» ለሚለው ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሌላ ታሪክ እናቅርብለት። በ1930 ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ማኅበር የተባለ መረዳጃ ድርጅት በኒው ዮርክ ተቋቋመ። የሃንጋሪ ወዛደሮች የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። በዘር ልዩነት ሳያደርግ ጥቁሩንም ነጩንም በእኩል መዋጮ ይመዘግብ ነበር፤ በ1940ዎቹ አባላቱ ወደ 200 ሺህ ተጠግተው ነበር። ከመሪዎቹ ብዙዎቹ ኮሚኒስቶች ነበሩ። በ1947 የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ «አፍራሽ» በሚለው መዝገብ ጻፈው፤ በ1950 የኒው ዮርክ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት እንዲፈርስ ክስ መሠረተ። ድርጅቱ አልከሰረም፤ ንብረቱ ከዕዳው ይበልጥ ነበር፤ ይህን ተቆጣጣሪዎቹም አልካዱም። ሕጉ «ለአደጋ የሚያጋልጥ» የሚለው ቃል እስከዚያ ድረስ የገንዘብ አደጋ ማለት ነበር፤ በዚህ ክስ የፖለቲካ አደጋም ማለት ሆነ። በ1951 ፍርድ ቤቱ እንዲፈርስ ወሰነ፤ በ1953 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታውን አልሰማም አለ፤ በ1954 ድርጅቱ ፈረሰ። ሒሳቡ የጠራ ሣጥን በፖለቲካ ተሰበረ። ሒሳብ ብቻ ያድነናል የሚል ካለ ይህን ይመልስ።

ከዚሁ ታሪክ ለራሳችን ሰዎችም የሚሆን ትምህርት አለ። አባላት ኮሚኒስት መሪ መምረጥ መብታቸው ነው፤ ሌላም መምረጥ መብታቸው ነው። ነገር ግን ሣጥኑ ከአባላቱ ጉባኤ ውጪ ለሚሰጥ ትእዛዝ ከተገዛ፣ ትእዛዙ ከየትኛውም ድርጅት ይምጣ፣ ማኅበሩ ለጠላቱ ሰበብ፣ ለአባሉ ጥርጣሬ ያወርሳል። እድርን የድርጅት ጭራ ማድረግ ለድርጅቱም አይበጅም።

በዋሽንግተንም ሆነ በሌሎች ከተሞች የምናቋቁማቸው እድሮች ዛሬ የሚገኙት ቬርሆቫይ በልጅነቱ በነበረበት ደረጃ ነው። አባላቱ በአብዛኛው ጎልማሶች ናቸው፤ ሣጥኑም ገና በዓይን ይታያል። «ተራ አባል የመድን ሒሳብ አይገባውም» የሚለውን መከራከሪያ አንቀበልም። አንድ ሺህን፣ ስምንትንና ሃያን የሚያውቅ ሁሉ ከላይ ያቀረብነውን ሒሳብ ይረዳል፤ የማይረዳው ያላሳዩትን ብቻ ነው። ስለዚህ አቋማችን እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ መዋጮው የአባላቱን ዕድሜ ይመልከት፤ ስሌቱም በጉባኤ ፊት በአማርኛ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ የሒሳብ መርማሪዎች ከሥራ አስፈጻሚው ተለይተው በቀጥታ በአባላት ይመረጡ፤ ሪፖርታቸውንም ዳኛው ሳያየው ለጉባኤው ያቅርቡ። ሦስተኛ፣ ልዩ መዋጮ፣ ብድር፣ ውሕደትና የደንብ ማሻሻያ ያለአባላት ድምፅ አይጽኑ፤ ጉባኤውም በየዓመቱ እንጂ ከዚያ ዘግይቶ አይጠራ። አራተኛ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሥልጣን ዘመናቸው በደንብ ይገደብ።

ሦስት ቁልፍ ለሦስት ሰው ሰጥቶ ሣጥን መቆለፍ ከሌባ ያድናል፤ ቁልፍ ያዦቹ ሲስማሙ ግን ከእነርሱ አያድንም። አራተኛው ቁልፍ ጉባኤው ነው። የሃንጋሪ ስደተኞች ማኅበራት ሕግ ይህን ቁልፍ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ለአባሉ ማሳየት ይበቃል አለ። እኛ በየዓመቱ በእጃችን እንያዘው።