ለትንሽ ልጅ ትንሽ እንስሳ?

ወዳጄ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ስድስት ዓመት የሞላት ልጁ ሃምስተር የሚባለው አይጥ መሰል እንስሳ ካልተገዛልኝ ብላ ወጥራ ይዛዋለች። «እኔም ክፋቱ አልታየኝም» አለኝ። «ውሻ ማለዳ ተነስቶ ማናፈስ ይፈልጋል፤ ድመት ሶፋ ይቧጭራል። ይሄ ግን ርካሽ ነው፤ አይጮህም፤ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ለትንሽ ልጅ ትንሽ እንስሳ፣ አለቀ።» አላለቀም አልኩት። እንስሳው ስላነሰ ለልጅ ይቀላል ማለት ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት ስሌት ነው። ለመጀመሪያ እንስሳ መመዘኛው መጠኑ አይደለም። መቼ ይነቃል? ሲፈራ ምን ያደርጋል? ልጅ በሁለት እጇ ስታነሳው ይችላል ወይ? በእነዚህ ጥያቄዎች ከመዘንነው፣ ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሃምስተር ለስድስት ዓመት ልጅ የማይሆን ሆኖ እናገኘዋለን።

«እንዴት?» አለኝ። ልጅህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሃምስተሩ ጎጆው ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እሷ ስትተኛ ይነሳና መሽከርከሪያው ላይ ወጥቶ ሌሊቱን በርካታ ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ልጅ ደግሞ የራሷ የሆነውን ነገር ማየትም መንካትም የምትፈልገው አሁኑኑ ነው፤ እጇን ሰድዳ ትቀሰቅሰዋለች። ዓይኑ በደንብ ስለማያይ፣ በእንቅልፉ ድንገት የነካውን ነገር ጠላት ብሎ ይነክሳል። ደንግጣ እጇን ስታራግፍ ከ100 እስከ 150 ግራም የሚመዝነው እንስሳ ወለሉ ላይ ይወድቃል። እሷም ጣቷ ደምቶ፣ እሱም እግሩ ተሰብሮ ሊቀር ይችላል። ሃምስተር ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አፈጣጠሩ ነው። እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 ሶርያ ውስጥ አሌፖ አካባቢ ከሚገኝ የስንዴ ማሳ አንዲት እናት ከነልጆቿ ከጉድጓድ አስወጥቶ ግልገሎቹን ወደ ኢየሩሳሌም ወሰደ። ዛሬ በየቤቱ የሚታየው ወርቃማው ሃምስተር በአብዛኛው ኢየሩሳሌም ውስጥ ከተራቡት ከእነዚያ ጥቂቶች የመጣ ነው። ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም። በተፈጥሮው መሬት ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ ከብጤው ጋር እንኳ የሚጣላ ፍጥረት ነው። አስተዋይ ለሆነ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ደስ የሚል እንስሳ ነው እላለሁ፤ ለስድስት ዓመቷ ግን ገና ነው።

በእነዚያው ጥያቄዎች ስንመዝን የሚሻለው ሌላው ትንሽ እንስሳ ጊኒ ፒግ ነው። እሱን የአንዲስ ተራሮች ገበሬዎች ለሥጋው ብለው ካላመዱት በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። ፔሩና ኢኳዶር ውስጥ ዛሬም በገጠር ማድ ቤት፣ በሰው እግር ሥር እየተርመሰመሰ ያድጋል። ይህ ሁሉ ዘመን ጠባዩ ላይ ይታያል። አንድ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የልጅ እጅ በደንብ ይይዘዋል። ሲፈራ ባለበት ይደርቃል ወይም ሮጦ ይደበቃል እንጂ ለመንከስ አይቸኩልም። ቀንም ሌሊትም እያረፈ ስለሚነቃ ልጅህ ከትምህርት ቤት መጥታ ስታየው ነቅቶ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የፍሪጁ በር ሲከፈት ወይም የአትክልት ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ሲሰማ አንገቱን አስግጎ እንደ ፉጨት ባለ ድምፅ ይጣራል። ለልጅ ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ እንስሳው ያውቃታል፣ ይጠብቃታል፣ ስትመጣ ይናገራል።

«እንግዲያው አንድ ጊኒ ፒግ እገዛላታለሁ» አለ። ሁለት ነው የምትገዛው አልኩት። ብቻውን ሲሆን የሚጎዳ የመንጋ እንስሳ ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ደንብ ነጥሎ ማኖር የተከለከለው ለዚሁ ነው። ሁለት ሴቶች ይሻላሉ፤ ግን ጾታቸውን በሚያውቅ ሰው አስመርምር፣ ምክንያቱም ሴቷ አንድ ወር እንደሞላት ልታረግዝ ትችላለች። መደብር ከመሄድህ በፊት ባለቤት ያጡ እንስሳት ማቆያዎችን ጠይቅ። መኖሪያቸው ወለሉ ሽቦ ያልሆነ፣ ስፋቱ ከ0.7 ካሬ ሜትር ያላነሰ ይሁን። የዝግባ ሰጋቱራ አታንጥፍላቸው፤ ሽታው ሳንባቸውን ይጎዳል። ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ስለሚያድግ ድርቆሽ ቀንም ሌሊትም ከፊታቸው አይጥፋ፤ የሚሞርደውም ሆዳቸውን የሚያሠራውም እሱ ነው። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን ሰውነታቸው መሥራት ስለማይችል በየቀኑ የፈረንጅ ቃሪያ ወይም ሌላ ትኩስ አረንጓዴ ይፈልጋሉ።

ወዳጄ ዝም አለና «ይሄማ ሥራ ነው። እኔ እኮ ኃላፊነት እንድትማር ብዬ ነበር» አለኝ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ የሌላ ፍጡር ሕይወት ኃላፊ መሆን አትችልም፤ አደራው ከወደቀባት እንስሳው ይራባል፣ እሷም ጥፋተኛ ትባላለች። ባለቤቱ አንተ ነህ፣ እሷ ረዳትህ ናት። ድርቆሽ ትጨምር፣ ውሃው መጉደሉን ትይ፣ ወለል ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ ፎጣ ዘርግታ ትቀፈው። በሳምንት አንድ ቀን በወጥ ቤት ሚዛን አብራችሁ መዝኑና ቁጥሩን እሷ ትጻፍ። ይህ የጨዋታ መዝገብ አይደለም። ጊኒ ፒግ ሕመሙን ይደብቃል፤ ክብደት መቀነሱ ቀድሞ የሚታየው ምልክት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላ ነገሩ አሳሳቢ ነውና ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ልጅ ኃላፊነትን የምትማረው አባቷ ደክሞት እያለ ድርቆሹን ሲቀይር እያየች ነው።

«እናቴስ? አይጥ በገዛ እጃችሁ ልታስገቡ ነው እያለች ነው።» የእናትህ ስጋት መሠረት አለው። ጤነኛ የሚመስል እንስሳ በዓይነ ምድሩ ሳልሞኔላ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህም ሐኪሞች አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ እነዚህን እንስሳት አይመክሩም። ከሃምስተርና ከአይጥ የሚተላለፍ፣ ፅንስ የሚጎዳ ቫይረስም ስላለ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ነገሩን ማቆየት ይበጃል። ልጅህ ከነካችው በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ አትሳመው፣ የጎጆውም ዕቃ በወጥ ቤት ማጠቢያ አይታጠብ። ይህን ቁጭ ብለህ ለእናትህ አስረዳቸው፤ ቤቱ የሳቸውም ነውና ሳይስማሙ እንስሳ ማስገባት ተገቢ አይመስለኝም። ተመርጦ የተራባ የቤት አይጥ በጠባዩ ከሃምስተር የተሻለ ለሰው የሚቀርብ ነው፤ ግን እሳቸውን እያሳቀቁ የሚኖር ነገር ለልጅቷም ደስታ አይሆንም። ሃዋይ ያሉ ዘመዶችህ ሐሳቡን ከወደዱት ደግሞ፣ እዚያ ሃምስተርም ሆነ ጀርቢል የተባለውን ሌላ ትንሽ እንስሳ ማሳደግ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ንገራቸው።

«ሃምስተር ዕድሜው አጭር መሆኑ አይሻልም? ብትሰለች እንኳ ቶሎ ያልቃል።» ሃምስተር ሁለት ሦስት ዓመት፣ ጊኒ ፒግ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይኖራል። ቶሎ ይሞታል ብሎ መምረጥ ግን ገና ሳትጀምር መሸሽ ነው። ልጅህ ስምንት ዓመቷ ላይ፣ መውደድ በጀመረች ሰዓት፣ ልትቀብረው ነው። እስከ አሥራ ሦስት ዓመቷ አብሯት ቢያድግ ግን መጀመሪያ አንተ የሠራኸውን ሥራ እሷ እየተረከበችህ ትሄዳለች።

መጨረሻ ላይ «ታዲያ መቼ ልግዛ?» አለኝ። መጀመሪያ የቤት ኪራይ ውልህ እንስሳ ይፈቅድ እንደሆነ አንብብ፤ ትንንሽ እንስሳት የሚያክም ሐኪም በአካባቢህ ፈልግ፤ ክፍያውንም ጠይቅ፣ አንድ ምርመራ ከእንስሳው ዋጋ ሊበልጥ ይችላልና። ከዚያ ደግሞ በክረምት ለአንድ ወር አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ፤ ያን ወር ድርቆሹን ማን ነው የሚያቀርብላቸው? «ታናሽ እህቴ ቦልቲሞር አለች፤ ማታ እደውልላታለሁ» አለ።