ኮምፒዩተር ለምትገጣጥሙ ወገኖች

ከስኮላርሺፕ ገንዘባችን ቆጥበን ኮምፒዩተር ስንገጣጥም አብዛኞቻችን ገንዘቡን የምናፈሰው በፕሮሰሰሩ ላይ ነው። በበኩሌ ይህ ስሕተት ነው እላለሁ። እኔም ተሳስቼ ነበር፤ ርካሹ ፓወር ሰፕላይ በአናቶሚ ፈተና ዋዜማ ተቃጠለና ማዘርቦርዱን ይዞት ሄደ። የ10 ዓመት ዋስትና ያለው ግን ኮምፒዩተሩ ሁለት ጊዜ ቢቀየር እንኳ ያገለግላል።

ሶኬቱንም አስቀድሞ መመርመር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤኤም4 ማዘርቦርድ ከገዙት ብዙዎቹ፥ ባዮሱን አድሰው በ2022 የወጣ ፕሮሰሰር በዚያው ላይ ተክለዋል።

ጩኸቱስ? ሌሊት የማጠናው ሦስት ሰዎች በተኙበት ክፍል ነው (ምን ያህል እንደታገሡኝ እነርሱ ይናገሩ)። ባለ 140 ሚሊሜትር ማራገቢያ ዝግ ብሎ እየዞረ፥ ትንሹ እየጮኸ የሚገፋውን አየር ይገፋል። የዚህ አገር አቧራ ግን ማጣሪያውን ቶሎ ስለሚደፍነው በየወሩ ጥረጉት።